ሊብሬው ላይ ያለው ስም

ጋሼ ገብረ መድኅን ሚኒባሳቸውን ከሸጡ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል። ስለዚህ የቀበሌው መልእክተኛ በኅዳር መግቢያ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የግቢያቸውን በር አንኳኩቶ፣ «መኪናዎ ሰው ገጭቷል» ሲላቸው፣ ቤት ተሳስቶ የመጣ ነው የመሰላቸው።

«የኔ ልጅ፣ እኔ እንኳን መኪና ብስክሌትም የለኝ» አሉት፣ በሩን ገርበብ አድርገው።

«ስምዎ ገብረ መድኅን አይደለም?»

«ነው።»

«ጎሬ ውስጥ ሌላ ገብረ መድኅን አለ?»

«ሞልቷል።»

«መኪና የነበረውስ?»

ጋሼ ገብረ መድኅን በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱ።

«እንግዲያው እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለና ወረቀቱን በያዘው ክላሰር ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶ ሰጣቸው።

ፈረሙ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ወረቀት አልቀበልም ማለት ወረቀቱን እንደማያስቀረው ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ወረቀቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው፤ የተጻፈውም በቁቤ፣ በላቲን ፊደላት። ጋሼ ገብረ መድኅን ጎሬ ተወልደው ጎሬ ያረጁ ስለሆኑ ኦሮምኛ ሲናገሩ ከማንም አይለዩም፤ ማንበብ የተማሩት ግን በግዕዝ ፊደል ስለሆነ ቁቤ ዓይናቸውን ያደክማቸዋል። ፈጥኖ የገባቸው የራሳቸው ስምና የታርጋው ቁጥር ብቻ ነበር። ታርጋው የዚያው የሸጡት ሚኒባስ ነበር። የቀረውን ልጃቸው ነፃነት ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ለምሳ እስክትመጣ ጠበቁ።

ነፃነት ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። ከዚያ ቁጭ ብላ እንደገና አነበበችው።

«ነሐሴ ውስጥ ነው» አለች። «ከጎሬ ወደ መቱ የሚወርድ ሚኒባስ፣ በዝናብ፣ ኩርባ ላይ ባጃጅ አልፋለሁ ሲል ከመንገድ ወጥቶ፣ ሱቅ በረንዳ ሥር የተጠለለች ልጅ ገጭቷል። ሊቺ ትባላለች። ልብስ ሰፊ ናት። ቀኝ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አንደኛ ተከሳሽ ሹፌሩ ኦሊ። ሁለተኛ ተከሳሽ...» ቀና ብላ አየቻቸው። «ሁለተኛ ተከሳሽ፣ የመኪናው ባለቤት ይልና አንተን ይጠራል።»

«ለጉርሙ ሸጬው የለም እንዴ!»

«ስሙን አዛውረህለታል?»

የምሳውን ሳህን ወደ እሷ ገፉላት።

«አባዬ፣ ስሙን አዛውረህለታል ወይ?»

«ውክልና ሰጥቼዋለሁ» አሉ። «ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚሸጠው።»

እውነታቸውን ነው። መኪና ሲሸጥ ገዢው ገንዘቡን ይሰጣል፣ ሻጩ ቁልፉን ይሰጣል፤ ከዚያ ሁለቱ አብረው ውልና ማስረጃ ይሄዱና ሻጩ ለገዢው ውክልና ይፈርምለታል። ሊብሬው በሻጩ ስም እንዳለ ይቀራል። የስም ማዛወሪያው ግብር ይተርፋል፣ ምልልሱም ይቀራል፤ መኪናው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዢው ነው። ሻጭ ያውቀዋል፣ ገዢ ያውቀዋል፣ ሰፈሩም ያውቀዋል። የማያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው።

«ሁለተኛ ገጽ አለው» አለች ነፃነት። «ክርክሩ እስኪያልቅ ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ ታግዷል ይላል። የትኛውን ቤት ነው የሚሉት?»

«ስንት ቤት አለን?» አሉ ጋሼ ገብረ መድኅን።

ያላቸው ያው የተቀመጡበት ነው፤ ከኋላ ሦስት ክፍል፣ ከፊት ወደ መንገዱ የዞሩ ሁለት ሱቆች። አንዱን ዶሪ የሚባል ጸጉር አስተካካይ፣ ሌላውን አንዲት ሸቀጥ ነጋዴ ተከራይተውታል። ከጡረታው ጋር ሆኖ የሚያኖራቸው የእነዚያ ሱቆች ኪራይ ነው።

ውክልናውን ፍለጋ ሁለት ቀን ፈጀ። የሰውን ሁሉ ወረቀት በቁጥርና በዓመት ሲደረድሩ ኖረው የራሳቸውን የት እንዳኖሩት አያውቁም። ሣጥን ተገለበጠ፤ ቁም ሣጥን ከግድግዳ ተጎተተ። የሟች ሚስታቸው የእድር ደረሰኝ ወጣ፤ የነፃነት የአንደኛ ክፍል ካርድ ወጣ፤ ከተሰበረ ዘመን ያስቆጠረው ሬዲዮ የዋስትና ወረቀት ወጣ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጉልበታቸው ተንበርክኮ ተንበርክኮ ሲያበቃ፣ ከአንድ መሳቢያ ሥር ተጣብቆ አገኙት። ማኅተሙ ደብዝዟል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። የጉርሙ ስም አለ። የእሳቸው ፊርማ አለ።

«ይኸው» አሉ። «ከክሱ ወጣሁ።» ያን ቀን ነው ደህና አድርገው የበሉት።

ዓርብ ጠዋት አባትና ልጅ መቱ ወረዱ። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ፎቶ ኮፒ ከሚነሣበት ቤት ጎን፣ ደቅሲሳ የሚባል ማመልከቻ ጸሐፊ አለ። ድሮ የችሎት ጸሐፊ ነበር፤ አሁን በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ ማተሚያ የከተማውን ጠብ ሁሉ ይጽፋል። ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። መጥሪያውን አነበበ። ጋሼ ገብረ መድኅን ውክልናውን ከፕላስቲኩ አውጥተው፣ በመዳፋቸው ደልደል አድርገው ፊቱ ዘረጉለት።

ደቅሲሳ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«ጋሼ፣ ይሄን ለማን አሳይተዋል?»

«ለማንም።»

«ጎሽ። እንደዚያው ይሁን።»

«ምነው?»

«ይሄ ወረቀት የሚከራከረው ለእርስዎ አይደለማ። በእርስዎ ላይ ነው።»

«እንዴት ሆኖ? ለጉርሙ እኮ ነው የሰጠሁት!»

«የሰጡት ምንድን ነው? እስቲ አብረን እንየው። ‹ንብረትነቱ የእኔ የሆነውን ሚኒባስ ስለ እኔ ሆኖ እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ ወክዬዋለሁ።› ንብረትነቱ የማን የሆነውን?»

«የእኔ።»

«ስለ ማን ሆኖ?»

«ስለ እኔ። አጻጻፉ እኮ ነው! ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጻፈው!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጻፈው» አለ ደቅሲሳ። «ለዚህ ነው ሁሉም እየመጣ እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ላይ የሚቀመጠው። ባለፈው ሳምንት የመጣው የአይሱዙ ነበር። የእርስዎ ይሻላል፤ ሰው አልሞተበትም።»

«የሽያጭ ውል ቢኖርስ?» አለች ነፃነት።

«ቢኖርማ ሌላ ነገር ነበር። አለ?»

ሁለቱም ወደ ጋሼ ገብረ መድኅን ዞሩ።

«ገንዘቡን ቤት ድረስ አምጥቶ ነው የሰጠኝ» አሉ። «ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱን ቀብረነዋል። አንዱ ወለጋ ገብቷል አሉ፤ አድራሻውን አላውቅም።»

ደቅሲሳ ነገሩን ቀስ እያለ አስረዳቸው። የሹፌሩ ጉዳይ ወንጀል ነው። ኩርባ ላይ አልፋለሁ ብሎ ወጥቷል፤ ትራፊክ ፖሊሱ የአደጋውን ቦታ ፕላን አንሥቷል፤ ኦሊም ታስሯል። የልጅቷ እግር ግን ሌላ መዝገብ ነው። ኢንሹራንስ ቢኖር መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነበር፤ አደጋው ሲደርስ ግን ጉርሙ ሳያሳድሰው ሁለት ወር አልፎት ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ባለቤቱ አልነዳሁም፣ አላየሁም፣ ጎሬ ቤቴ ተኝቼ ነበር ቢል አይረዳውም፤ መኪናው የእሱ መሆኑ ብቻ ይበቃል። ባለቤት ማለት ደግሞ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው፤ ሌላ ሰው መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ።

«በምን ነው የማስረዳው?» አሉ።

«ጉርሙ ችሎት ቀርቦ ‹ገዝቻለሁ› ካለ ብዙው ነገር ቀለለ። ካላለ መንገዱ ረጅም ነው። ወደ ክርክሩ ይግባልኝ ብለን እናመለክታለን። መጥሪያ ይወጣል፤ አልተገኘም ይባላል፤ ይደገማል። ይመጣል፤ ይክዳል። ምስክር ይቆጠራል። እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመት ሁለት ዓመት ይሄዳል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርዎ? ይሄ ለእርስዎ መጥፎ አይደለም። ልጅቷ ጠበቃ የላትም። በየቀጠሮው ባጃጅ ላይ ተጭና ከእናቷ ጋር ነው የምትመጣው። ሰው ይደክማል፣ ጋሼ። የደከመ ሰው ደግሞ በትንሽ ነገር ይስማማል።»

ጋሼ ገብረ መድኅን ይህን ሲሰሙ ልባቸው ትንሽ ቀለል አለላቸው። ስለ ቀለላቸውም አፈሩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ብቻቸውን ያዮ ሄዱ። በዚህ ወቅት ጉርሙ የሚገኘው ቡና ከሚሰበስብበት ጫካ ዳር ነው። ከአስፋልቱ ወርደው ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጠጡ፤ ሞተሩ ጭቃው ላይ ሲያቅተው ወርደው በእግራቸው ቀጠሉ። ከዛፎቹ ሥር ያለው መንገድ በጭነት መኪና ጎማ ስለ ተቦረቦረ አንዱን እግር አንሥቶ ሌላውን ማሳረፍ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ሁለት ጊዜ ግንድ ላይ ተቀምጠው አረፉ። በሁለተኛው ላይ መነሣት አስጠላቸው።

ጉርሙን ከቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ መካከል፣ ቀይ እሸት ያመጡ ገበሬዎችን ሲያስተናግድ አገኙት። አርባን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ሲያያቸው አልሸሸም። ሮጦ መጥቶ ትከሻቸውን ሳመ።

«ጋሼ! በዚህ መንገድ፣ በእግርዎ? ቢልኩብኝ እመጣ አልነበር?»

«ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ።»

«ኔትወርክ የለም እዚህ» አለና መሬት መሬት አየ።

የቡና ጆንያ ላይ አስቀመጣቸው። ውሃ አስመጣ፤ ከአንድ ገበሬ ተቀብሎ ማር በሳህን አቀረበ። ውሃውን ጠጡ፤ ማሩን አልነኩትም።

«ጉርሙ፣ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። መቱ ቅረብና መኪናው የእኔ ነው በል።»

ጉርሙ አልጋው ላይ ያለውን ቡና በመዳፉ ሲያገላብጥ ቆየ።

«ጠበቃ ጠይቄ ነበር» አለ። «‹አንተ ተወካይ ነህ፤ አርፈህ ተቀመጥ› ነው ያለኝ።»

«እኔ ጠበቃህን አልጠየቅሁም። አንተን ነው። ገዝተሃል ወይስ አልገዛህም?»

«ገዝቻለሁ። እዚህ ለእርስዎ አልክድም።»

«እዚያስ?»

«እዚያ...» ጉርሙ እጁን አራገፈ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቆጡ። ስሙን እናዛውር ብዬ ስንት ጊዜ መጣሁ?»

ጋሼ ገብረ መድኅን የማሩን ሳህን ከፊታቸው ገፋ አደረጉ።

«ሦስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ስመጣ ‹ጾሙ ይውጣ› አሉኝ። ሁለተኛ ስመጣ ‹በዚህ ዝናብ መቱ ማን ይወርዳል› አሉኝ። ሦስተኛ ስመጣ ‹ምን አስቸኮለህ፣ እኔ አልሞትኩ› አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ተውኩት። ግብሩ ስለ ተረፈልኝ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። እምቢ ያልኩት ግን እኔ አይደለሁም።»

ለነፃነትም ለደቅሲሳም ያልነገሯቸው ነገር ይህ ነበር። ጡረታ በወጡ በዓመቱ መዝገብ ቤቱ ረሳቸው፤ ሲያልፉ ተነሥቶ ሰላም የሚላቸው ሰው አነሰ። መናኸሪያው ግን አልረሳቸውም። በሚኒባሱ በር ላይ በነጭ ቀለም «ባለንብረት ገብረ መድኅን» ተብሎ ተጽፎ ነበርና ሹፌሮቹ «ባለ መኪናው መጡ! ፊት ልቀቁላቸው!» እያሉ ከፊት ያስቀምጧቸው ነበር። ስሙ ከተዛወረ ጽሑፉ ይፋቃል። እንዲፋቅ አልፈለጉም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አልነበራቸውም። ጾሙንም ዝናቡንም ያመጡት ለዚህ ነው።

«ማል ጎና? ምን ይሻላል?» አሉ በመጨረሻ።

«ፍርድ ቤቱ ከጠራኝ እመጣለሁ» አለ ጉርሙ። «በገዛ እግሬ ግን አልሄድም፣ ጋሼ። ይሄ የሚያዩት ቡና ሁሉ በብድር ነው። ከኋላዬ አራት ልጆች አሉ።»

«ስትመጣስ ምን ትላለህ?»

ጉርሙ ገበሬዎቹ ወደ ቆሙበት ዞረ። «ያኔ የሚመክሩኝን እላለሁ» አለ፤ ድምፁ ያን ጊዜ ከቅርብም በደንብ አልተሰማም።

የቀጠሮው ቀን ከያዮ በተመለሱ በዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ ነበር። ነፃነት ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ አብራቸው መጣች፤ ደቅሲሳ ያዘጋጀውን መልስ በፌስታል ይዛለች። መልሱ አጭር ነው። መኪናውን ሸጫለሁ፤ ገዢው ጉርሙ ወደ ክርክሩ ይግባልኝ። ችሎቱ ሌላ ጉዳይ ይዞ ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ። ነፃነት ተራቸው ስንተኛ እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ ሬጅስትራሩ ሄደች።

በአግዳሚው ሌላ ጫፍ አንዲት ልጅ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ወደ ውጭ ጎበጥ ብሏል፤ ሁለት የእንጨት ምርኩዝ ጭኗ ላይ ተጋድሟል። አጠገቧ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያጠበቀች ረጅም ሴት ቆማለች። ሴትዮዋ ጋሼ ገብረ መድኅንን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«እርስዎ ነዎት ባለ መኪናው?»

ያን ስም ስምንት ዓመት ወድደውት ኖረዋል። አሁን ግን አዎ ብለው ሊቀበሉት አልቻሉም።

«እ... መኪናውን እንኳ እኔ...»

«ሸጫለሁ ሊሉኝ ነው» አለች። «ይበሉ፤ ለምጄዋለሁ። የሊቺ እናት ነኝ፤ በየነች እባላለሁ። ሹፌሩን እስር ቤት ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት፤ ‹እኔ ቅጥር ነኝ፣ ባለቤቱን ጠይቂ› አለኝ። ጉርሙን ያዮ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት፤ ‹እኔ ተወካይ ነኝ› አለኝ። እርስዎ ሸጫለሁ ይላሉ። እንግዲህ ልጄን የገጫት መኪና ባለቤት የለውም ማለት ነው? ከያዮ ጫካ ብቻውን ወጥቶ ነው የመጣው?»

«እማዬ፣ ተይ» አለች ልጅቷ።

«ምኑን ነው የምተወው? የማን እንደሆነ እኔ አይገደኝም። ብቻ የሆነ ሰው ይሁን።»

ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ዞረው አዩ። ጋሼ ገብረ መድኅን ወደ ልጅቷ ዞሩ፤ ቢያንስ እሷ አልተቆጣችም።

«ያምሻል?» አሏት።

«ስቆም ነው። ስቀመጥ ደህና ነኝ።» ምርኩዞቹን አስተካከለች። «የስፌት መኪናውን ፔዳል ነው ያልቻልኩት። በግራ እግሬ ሞክሬው ነበር፤ አልገጥምልኝ አለ፣ ክሩ ይበጠሳል። ደንበኞቼ ጨርቃቸውን ወስደዋል።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ጅማ ያየኝ ሐኪም አጥንቱ ጠሞ ገጥሟል አለ። እንደገና ተከፍቶ ብረት ይገባበታል። ከቆየ ግን አይሆንም አለ።»

«ከቆየ ማለት?»

«ገናን እንዳታሳልፊው ነው ያለኝ።»

በዚህ መሃል ነፃነት ተመለሰች፤ ወዲያውም ስማቸው ተጠራ።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። ጉንፋን ይዟት በየመሃሉ ታስላለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ መዝገቡ ተቆልሎ ከኋላው ግማሽ ፊቷ ነው የሚታየው። በኦሮምኛ ስማቸውን ካረጋገጠች በኋላ፣ «ሁለተኛ ተከሳሽ፣ መልስዎን ይዘዋል?» አለች።

ነፃነት ወረቀቱን ልትሰጥ ተነሣች። ጋሼ ገብረ መድኅን ክንዷን ያዙ።

«ክብርት ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ገዢው ይጠራልኝ ብል ቀጠሮው መቼ ይሆናል?»

ዳኛዋ የቀጠሮ ደብተሯን ገለጠች። «መጥሪያ ደርሶት መልስ እስኪያቀርብ... የካቲት አጋማሽ።»

«ቢክድስ?»

«ምስክር ይሰማል። የዚያን ቀን ዛሬ ልነግርዎ አልችልም።»

ጋሼ ገብረ መድኅን የካቲት እንዴት ሚያዝያ እንደሚሆን፣ ሚያዝያም እንዴት ሐምሌ እንደሚሆን፣ ከዚያም ፍርድ ቤቱ ለክረምት እንደሚዘጋ ያውቁታል። የሰው መዝገብ እንዲህ ሆኖ ሲያረጅ በእጃቸው ይዘው አይተዋል። ጉልበታቸው ከያዮው መንገድ ገና አላገገመም። ደቅሲሳ ሰው ይደክማል ብሏቸው ነበር። ማን ቀድሞ እንደሚደክም ግን እሱም አላሰበውም።

«መኪናው ተሽጧል» አሉ። «ይሄ እውነት ነው። ስሙን ያላዛወርኩት ግን እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ እናዛውር ተብዬ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ እኔን ትጠይቀኝ። ጉርሙን ከዚያ በኋላ እኔ እጠይቀዋለሁ፤ መልስ ካለው።»

«አባዬ!» አለች ነፃነት፣ ችሎት መሆኑን ረስታ። ዳኛዋ በእጇ ዝም አሰኘቻት።

«የሚሉት ነገር ገብቶዎታል?» አለች ዳኛዋ። «ጉርሙ እንዲገባ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ማንም አልነፈገዎትም። ይህን ከመዘገብኩት በኋላ ግን እዚህ መዝገብ ላይ ተመልሰው ሸጫለሁ፣ አይመለከተኝም ማለት አይችሉም።»

«ገብቶኛል።»

«ያስገደደዎት ሰው አለ?»

«የለም። ያሰብኩት ተቀምጬ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሣቀ። ዳኛዋ አልሣቀችም፤ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ስምምነቱ ተጻፈ። የጅማው ሕክምናና ልጅቷ ሥራ የፈታችበት ጊዜ ተሰላ። እግዱ ከሁለቱ ሱቆች ላይ ብቻ እንዲነሣ፣ ጋሼ ገብረ መድኅንም ሱቆቹን ሸጠው ከገና በፊት እንዲከፍሉ ሆነ። ደቅሲሳ ሲተይብ አንድም ቃል አልተናገረም፤ አትሞ ሲያስረክብ ብቻ፣ «እኔ እንዲህ አልመከርኩም። ሰው ቢጠይቅዎት ይሄንን ይመስክሩልኝ» አለ።

በየነች በጣት አሻራዋ ፈረመች፤ ሊቺ ፈረመች። ማንም አላመሰገናቸውም።

«መቼ ነው የሚሸጠው?» አለች በየነች።

«ዛሬ ሰው እልካለሁ። ከዚህ በፊት የጠየቁኝ አሉ።»

«ካልተሸጠስ?»

«ይሸጣል። ወደ መንገድ የዞረ ነው።»

«ቤትዎ የት ነው? ነገ ብፈልግዎ የት አገኝዎታለሁ?»

«ጎሬ ገበያውን አልፈሽ፣ የጸጉር አስተካካዩ የዶሪ ሱቅ ያለበት ቤት በዪ። ማንም ያሳይሻል» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «ለጊዜው ማለቴ ነው» አሉ።

ሊቺን ባጃጅ ላይ ለማውጣት ሦስት ሰው ፈለገ። በየነች ከኋላ ያዘቻት፤ ጋሼ ገብረ መድኅን የታመመውን እግር እንደ ሰው ዕቃ ተጠንቅቀው አስገቡላት። ነፃነት ፊቷን አጥቁራ ቆማ ቆይታ፣ በመጨረሻ ምርኩዞቹን ከመሬት አንሥታ አቀበለች። ባጃጁ ቁልቁል ወረደ።

አባትና ልጅ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ካለው የድንጋይ ግንብ ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ገብረ መድኅን ጫማቸውን ፈቱ። እግራቸው አብጧል።

«ጉርሙ የሚከፍልህ ይመስልሃል?» አለች ነፃነት።

«አይመስለኝም።»

«ሦስት ጊዜ እምቢ አልኩ ያልከውስ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለምን?»

«ሌላ ቀን እነግርሻለሁ። ዛሬ ደክሞኛል።»

«ጉርሙንም እንደዚሁ ነበር የምትለው?»

ከዚህ በኋላ ማምለጫ አልነበራቸውም። ነገሯት። በሩ ላይ ስለ ተጻፈው ስም፣ ከፊት ስላለው ወንበር፣ መናኸሪያ ሲደርሱ ስለሚጠሩበት አጠራር። ሲናገሩት ያንስባቸው ነበር፤ በሐሳባቸው ካለው ይልቅ በቃል ሲወጣ የልጅ ነገር ሆነባቸው። ትሥቃለች ብለው ጠበቁ።

አልሣቀችም። «ለእኔ ብትነግረኝ» አለች ብቻ፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ጫማቸውን መልሰው አሠሩ።

«ነፃነት።»

«አቤት።»

«ለእነ ዶሪ ሱቁ እንደሚሸጥ አንቺ ብትነግሪልኝስ? እሱ አንቺን ይሰማል። ሸቀጥ ነጋዴዋም አዲስ ዕቃ ካስገባች ገና ሳምንቷ ነው፤ እኔ ፊቷን አይቼ...»

«አልነግርም» አለች። «አንተው ንገራቸው።»

«ዛሬውኑ?»

«ከደረስን ዛሬ። ሰው ልከህ ገዢ ከመጣባቸው በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት።»

ጋሼ ገብረ መድኅን ራሳቸውን ነቀነቁ። ግንቡን ተደግፈው ተነሡ፤ ዳገቱን ሲወጡም ከዶሪ ቢጀምሩ እንደሚሻል፣ ዶሪንም እንዴት ብለው እንደሚጀምሩት ያስቡ ነበር።